ግማሽ እሺታ በእንግሊዝኛ፦ «ልክ ነህ፣ ግን…» የሚለውን ሰው ሳያስቀይሙ፣ ቃልም ሳይገቡ መናገር

ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ፣ የራምቦ ቤት የሚባለው ፎቅ ላይ የወጣ እንግዳ የእንጨቱን ቅርጽ ቀና ብሎ እያየ «ሶ ዚስ ኢዝ ዌር ራምቦ ሊቭድ፣ ራይት?» ይላል። ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ የኖረው እዚህ ነዋ ማለቱ ነው። አስጎብኚው በአማርኛ ቢጠየቅ መልሱ አያስቸግረውም፦ «ሐረርስ ኖሯል፤ እዚህ ቤት ውስጥ መሆኑ ግን ያጠራጥራል።» በእንግሊዝኛ ሲሆን ግን ብዙ ጊዜ የሚቀድመው ባዶ «የስ» ወይም ባዶ «ኖ» ነው። «የስ» ካለ እንግዳውን ያሳስታል። «ኖ» ካለ ደግሞ እውነቱን ከነግማሹ ይጥለዋል፤ ገጣሚው እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ሐረር ውስጥ በንግድ ሥራ ኖሯልና። የሚያስፈልገው በሁለቱ መሀል ያለው መልስ ነው፦

«ዌል፣ ኖት ኤግዛክትሊ። ሂ ዲድ ሊቭ ኢን ሐረር፣ በት ፕሮባብሊ ኖት ኢን ዚስ ሃውስ።»

ይህ መመሪያ እንዲህ ዓይነቱን መልስ እንዴት እንደምትሠሩ ከመነሻው ያሳያል። እንግሊዝኛውን በፊደላችን የጻፍነው ድምፁን ለማስያዝ ነው። «ዚስ»፣ «ዛት»፣ «ዞው» የሚሉት ላይ የ«ዘ» ድምፅ፣ «ቲንክ» ላይ ደግሞ የ«ቲ» ድምፅ የሚወጣው የምላስ ጫፍ በላይኛውና በታችኛው ጥርስ መሀል ብቅ ሲል መሆኑን ብቻ ያዙ።

ለምን ያስቸግረናል?

ሰዋስው አንድ ምክንያት ነው። አማርኛ ጥርጣሬውን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፦ «ደርሷል መሰለኝ»፣ «ጥሩ ሳይሆን አይቀርም»፣ «ይመጣ ይሆናል»። ተናጋሪው ሐሳቡን አውጥቶ ሲጨርስ ነው ማሰሪያው ላይ የሚያለዝበው። እንግሊዝኛ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ማለዘቢያውን በር ላይ ይሰቅለዋል፦ «አይ ቲንክ…»፣ «ሜይቢ…»፣ «ኢን ኤ ዌይ…»። በአማርኛ ልማድ የሚናገር ሰው «ሂ አራይቭድ» ብሎ ይጀምርና «መሰለኝ» የሚለው ቦታ ሲደርስ ዓረፍተ ነገሩ አልቆበታል። ስለዚህ የመጀመሪያው ልምምድ አፍ እንደተከፈተ ማለዘቢያውን ማስቀደም ነው።

ሌላው ምክንያት «እሺ» ነው። የኛ «እሺ» ብዙ ፊት አለው፤ «ሰማሁ»፣ «ተቀበልኩ»፣ «ልብህ ይረፍ ብዬ ነው»፣ አንዳንዴም «አሁን ወሬው ይብቃ»። ሰሚው ከድምፁና ከፊቱ ይለየዋል። በእንግሊዝኛ ለዕቅድ ወይም ለጥያቄ «የስ፣ ኦኬይ» ካላችሁ ግን ቃል ገብታችኋል። ድሬዳዋ ላይ የጭነት ሥራ የምትሠሩ ከሆነና «ካን ዊ ሎድ ኦን ተርስዴይ?» ተብላችሁ በ«እሺ» መንፈስ «ኦኬይ» ካላችሁ፣ ሐሙስ ጠዋት መኪናው በር ላይ ይቆማል።

ደረጃ 1፦ ስንት እጁን እንደተስማማችሁ ወስኑ

ይህን ሳይወስኑ ቃል መምረጥ አይቻልም። አራት ልክ አለ፦ አብዛኛውን ተስማምቻለሁ፤ ግማሹን ተስማምቻለሁ፤ እያመነታሁ ተቀብያለሁ፤ ሐሳቡ ገብቶኛል እንጂ አልተስማማሁም። የመጨረሻው ስምምነት አይደለም። ሰው የሚሳሳተውም እዚያ ላይ ነው፤ ወደ ታች እንመለስበታለን።

ደረጃ 2፦ ለልኩ የሚሆነውን መክፈቻ ምረጡ

አብዛኛውን ከተስማማችሁ «ፎር ዘ ሞስት ፓርት፣ የስ» ወይም «ሞር ኦር ለስ» በሉ። ከድሬዳዋ ሐረር ወደ 55 ኪሎ ሜትር ነው። «ኢት ቴክስ አን አወር፣ ዳዝንት ኢት?» ብሎ ለሚጠይቅ እንግዳ «ሞር ኦር ለስ፣ ኢፍ ዘ ሮድ ኢዝ ክሊር» ትክክለኛ መልስ ነው፤ ደንገጎ ዳገት ላይ የጭነት መኪና ከፊት ከተደረደረ ሰዓቱ እንደሚረዝም በ«ኢፍ» ተነግሯል። ድሬዳዋ ውስጥ የደቻቱን ወንዝ አይቶ «ዘ ሪቨር ኢዝ ድራይ» ለሚል ደግሞ «ፎር ዘ ሞስት ፓርት፣ የስ። በት ኢት ካን ፍላድ ኦቨርናይት» ይባላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የመጣውን ጎርፍ የሚያስታውስ የድሬ ሰው ይህችን «በት» ሳይጨምር መመለስ የለበትም።

ግማሹን ከሆነ ምርጫው ሰፊ ነው። «የስ ኤንድ ኖ» ግልጽና ቀላል ነው፤ ግን ወዲያው ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ብቻውን ከቆመ ሽሽት ይመስላል። «ኢን ኤ ዌይ» ማለት «በአንድ በኩል ካየነው አዎ» ነው። «ቱ ሰም ኤክስቴንት» ያው ነው፤ ጠንከር ያለ፣ ለስብሰባና ለጽሑፍ የሚመች። «አፕ ቱ ኤ ፖይንት» ቃሉ «እስከ ተወሰነ ድረስ» ነው፤ ከእንግሊዛውያን አፍ ሲወጣ ግን አንዳንዴ የጨዋ «አይደለም» ይሆናል። ሰሚ ሆናችሁ ስታገኙት ቀጥሎ የሚመጣውን ጠብቁ።

ለምሳሌ «ድሬዳዋ ኢዝ ኤ ፍሬንች ታውን» ቢባል፦ «ኢን ኤ ዌይ። ዘ ሬልዌይ ኬም ኢን 1902፣ ኤንድ ከዚራ ግሩ አራውንድ ዘ ስቴሽን። በት መጋላ ኢዝ ቬሪ ዲፈረንት።» የባቡሩና የከዚራ ሰፈር ድርሻ ተሰጠ፤ የመጋላ ሰፈርም አልተዋጠም።

«ኢት ዲፔንድስ» እዚሁ ይገባል። «ኢት ኢዝ ዲፔንድ» አይባልም፤ «ዲፔንድ» ግስ ስለሆነ «ኢዝ» አያስፈልገውም። የሚያያዘውም በ«ኦን» ነው፦ «ኢት ዲፔንድስ ኦን ዘ ፕራይስ»።

እያመነታችሁ ከሆነ የምትቀበሉት «አይ ሰፖዝ ሶ» አለ፤ አሜሪካኖቹ «አይ ጌስ ሶ» ማለት ይቀናቸዋል። ሁለቱም የኛ «ይሁን እንግዲህ» ናቸው። አደጋቸው ቅዝቃዜያቸው ነው። አንድ ሰው በደስታ «ዚስ ፕላን ኢዝ ግሬት፣ ኢዝንት ኢት?» ሲል «አይ ሰፖዝ ሶ» ብትሉት ውኃ ደፋችሁበት። «አይ ቲንክ ሶ» ግን ንጹሕ «ይመስለኛል» ነው፤ ቅሬታ የለበትም። ሁለቱን አታምታቱ። «ዩ ሜይ ቢ ራይት» የ«ልክ ሳትሆን አትቀርም» ጎረቤት ነው፤ «ዩ ማይት ቢ ራይት» ደግሞ አንድ ደረጃ ዝቅ ይላል።

አሁን ወደ አራተኛው። «አይ ሲ ወት ዩ ሚን»፣ «አይ ሲ ዩር ፖይንት»፣ «አይ ሂር ዩ»፤ እነዚህ «ገባኝ»፣ «ሰማሁህ» ናቸው። ከባለ ጉዳይ ወይም ከአለቃ ስትሰሟቸው ተስማማ ብላችሁ ሥራ አትጀምሩ፤ «በት» ገና እየመጣች ነው። «ፌር ኢናፍ» ግን አንድ እግሩን ወደ ስምምነት አስገብቷል፤ «እሱስ ምክንያትህ በቂ ነው፣ አልከራከርህም» ዓይነት ነው። ክርክር ለመዝጋት ከዚህ የተሻለ አጭር ቃል አናውቅም።

ደረጃ 3፦ የተስማማችሁበትን ቁራጭ በስሙ ጥሩት

ይህን ብዙዎች ይዘሉታል፤ ለኛ ግን ከሁሉም ትልቁ ደረጃ ይህ ነው። «የስ፣ በት…» ብሎ ወደ ተቃውሞ መሮጥ «የስ»ን ባዶ ያደርጋታል። እንግሊዝኛ ተናጋሪው «በት» ከመጣች በፊቷ ያለውን እንደ ወግ ብቻ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ከ«በት» በፊት አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር፣ በራሱ የቆመ፣ ቁም ነገር ያለው ይሁን።

ደካማው፦ «የስ፣ በት ኢት ኢዝ ኤክስፔንሲቭ።»
ጠንካራው፦ «ዩ አር ራይት፣ ዘ ኮፊ ኢዝ ቬሪ ጉድ። ኢት ኢዝ ጀስት ኤ ቢት ኤክስፔንሲቭ ፎር አስ።»

በሁለተኛው የተመሰገነው ቡናው ነው፤ ጥያቄው የዋጋው ብቻ መሆኑ ታየ። ቁራጩን ለይቶ ለመጥራት የሚረዱት «ዩ አር ራይት አባውት…»፣ «አይ አግሪ ዛት…» እና «ዛት ኢዝ ትሩ ፎር…» ናቸው። «አይ አም አግሪ» አይባልም፤ «አግሪ» ራሱ ግስ ነው፤ «አይ አግሪ» ይበቃል። ከሰው ጋር ሲሆን «አግሪ ዊዝ ዩ»፣ በዋጋ ወይም በቀን ላይ ሲሆን «አግሪ ኦን ዘ ፕራይስ»፣ የቀረበን ሐሳብ መቀበል ሲሆን «አግሪ ቱ ዘ ፕላን»። የመጨረሻው ውል ነው፤ በግማሽ ልብ አይወጣም።

ደረጃ 4፦ ማጠፊያውን አስቀምጡ

«በት» የታወቀች ናት፤ ዋና ማጠፊያም እሷ ናት። ለስለስ የምትለው ግን «ዞው» ናት፤ የምትቀመጠውም ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው፦ «ኢት ኢዝ ኤ ናይስ ሩም። ኢት ኢዝ ኤ ቢት ሆት፣ ዞው።» እዚህ ላይ አማርኛችን ያግዘናል፤ በንግግር «ቆንጆ ክፍል ነው። ትንሽ ይሞቃል ግን» እንል የለም? ያችው መጨረሻ ላይ የምትንጠለጠል «ግን» ናት «ዞው»። ድምፅ አትጫኑባት፤ ዝቅ አድርጋችሁ ጣሏት።

«ኢት ኢዝ ጀስት ዛት…» ደግሞ «ችግሩ ይህች ብቻ ናት» ዓይነት ሲሆን ተቃውሞውን ያሳንሰዋል። «ሃውኤቨር»ን ለደብዳቤ አቆዩት፤ ቡና እየጠጡ ከተናገሩት ንባብ ይመስላል።

ደረጃ 5፦ ተቃውሞውን መጥኑት

«ዩ አር ሮንግ» ትክክለኛ እንግሊዝኛ ነው፤ ግን በጥፊ ይመታል። ይልቅ «አይ ዶንት ቲንክ…» ብላችሁ ጀምሩ። እንግሊዛውያን «አይ ቲንክ ኢት ኢዝ ኖት ጉድ» ከማለት ይልቅ «አይ ዶንት ቲንክ ኢት ኢዝ ጉድ» ይመርጣሉ፤ አሉታውን ወደ «ቲንክ» ያዞሩታል። ይህ ለኛ እንግዳ አይደለም፤ «ጥሩ አይመስለኝም» ስንል ያንኑ እያደረግን ነው። በአማርኛ የምታስቡትን እንዳለ ውሰዱት፤ እዚህ ቦታ ላይ አያሳስታችሁም።

ቀጥሎ «ሪሊ» የምትገባበት ቦታ። ሁለቱን ጮክ ብላችሁ አንብቡ፦

«አይ ዶንት ሪሊ አግሪ።»
«አይ ሪሊ ዶንት አግሪ።»

ቃላቱ እነዚያው ናቸው፤ ቦታ ብቻ ተለዋውጠዋል። የመጀመሪያው «እንግዲህ ብዙም አልተስማማሁ» ነው፤ ለሽማግሌ ፊት እንኳ ይሆናል። ሁለተኛው «በፍጹም አልስማማም» ነው። ደንቡ፦ «ዶንት» ከቀደመች «ሪሊ»ን ትይዛትና ታለዝባለች፤ «ሪሊ» ከቀደመች «ዶንት»ን ታጠነክራለች። «ኢንታየርሊ» እና «ኮምፕሊትሊ»ም እንዲሁ ናቸው፤ «አይ ዶንት ኢንታየርሊ አግሪ» ማለት «ሙሉ በሙሉ አይደለም፣ ከፊሉን ግን አዎ» ነው።

«ኖት ኦልዌይስ»፣ «ኖት ኔሰሴሪሊ»፣ «ኤ ቢት»ም መጠን ይቀንሳሉ። ጀጎል ስንት በር አላት ሲባል «ፋይቭ» የሚል እንግዳ ቢኖር «ፋይቭ ኦልድ ጌትስ፣ የስ። ዜር ኢዝ ኤ ኒውወር ዋን ቱ» ይበቃል። አምስቱ ጥንታዊ በሮች ልክ ናቸው፤ ለመኪና የሚሆነው በር በኋላ የተጨመረ ነው። አንዲት «ኦልድ» ስትገባ እንግዳውም አልተሳሳተም፣ መረጃውም አልጎደለም። ሐረር ውስጥ ከሰው እጅ ስለሚበሉት ጅቦች «ሶ ዘ ሃይናስ አር ቴም?» (ለማዳ ናቸው ማለት ነው?) ሲባልም «ኖት ሪሊ። ዜይ አር ዩዝድ ቱ ዘ ማን፣ በት ዜይ አር ስቲል ዋይልድ» በሉ። ለእንግዳው ይህ ጨዋነት ብቻ ሳይሆን ደኅንነትም ነው፤ «የስ» ብትሉት እጁን ይሰዳል።

ደረጃ 6፦ ድምፁን አስተካክሉ

እስካሁን ያለው ሁሉ በድምፅ ሊፈርስ ይችላል። የእንግሊዝኛ ግማሽ ስምምነት፣ በተለይ በእንግሊዝ፣ ወርዶ በሚነሣ ድምፅ ይነገራል። ዋናው ቃል ላይ ድምፃችሁ ይወርድና ሳይቆረጥ ጫፉ ላይ መለስ ይላል፤ ሰሚው «ያላለቀ ነገር አለ» ብሎ «በት»ን ይጠብቃል። «ኢት ኢዝ ጉ-ድ…»። በአማርኛ ዕቃ ሲያሳዩት «ጥሩ ነው…» እያለ የሚጎትትን ገዥ አስቡ፤ ሻጩ ወዲያው «ምን ጎደለው?» ይላል። ያ መጎተት ነው የሚያስፈልገው። «ጉድ» ተብሎ ወርዶ ከቆመ ግን ሙሉ ስምምነት ነው፤ «አይ ሰፖዝ ሶ»ም ወርዳ ከቆመች የተኮረፈ መልስ ትመስላለች።

አብረው የሚሄዱ ስሕተቶች

ወደ ውስጥ ተስቦ የሚባለው «አዎ»። አየር ሳብ አድርገን «እህ» ስንል ለኛ «ልክ ነህ፣ እየሰማሁ ነው» ነው። ልማዱን የማያውቅ እንግዳ ግን የደነገጣችሁ ወይም የሆነ ነገር የወጋችሁ ይመስለዋል፤ ወሬውን አቋርጦ «ምን ሆንክ?» ይላል። በምትኩ አፍ ገጥማችሁ በአፍንጫ «ምም-ህም» በሉ። ይህ ግን «እየተከተልኩህ ነው» እንጂ ግማሽም ስምምነት አይደለም።

ለአሉታ ጥያቄ «የስ» ማለት። «ሂ ሃዝንት አራይቭድ፣ ሃዝ ሂ?» ሲባል አማርኛ «አዎ፣ አልመጣም» ይላል፤ ከጠያቂው ጋር መስማማቱን ነው። እንግሊዝኛ የሚያየው ነገሩ መሆን አለመሆኑን ነው፤ ካልመጣ «ኖ፣ ሂ ሃዝንት»። ባዶ «የስ» ካላችሁ መጥቷል ማለት ይሆናል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ «የስ»ም «ኖ»ም ብቻውን አይውጣ፤ ሁልጊዜ ከጅራቱ ጋር፣ «ኖ፣ ሂ ሃዝንት»፣ «የስ፣ ሂ ሃዝ»።

«አይ ኩድንት አግሪ ሞር»። አሉታ ስላለባት ተቃውሞ ትመስላለች። ትርጉሟ ግን «ከዚህ በላይ መስማማት አልችልም»፣ ማለትም ፍጹም ስምምነት ነው።

«ኳይት»። እንግሊዛዊ «ኳይት ጉድ» ሲል ብዙ ጊዜ «ደህና ነው» ነው፤ አሜሪካዊ ሲል ወደ «በጣም ጥሩ» ይጠጋል። «ኳይት ራይት» ግን «ፍጹም ልክ» ነው። እስክትለምዱት እናንተ አትጠቀሙበት፤ «ፕሪቲ ጉድ» ይበቃችኋል።

«ዊዝ ኦል ዱ ሪስፔክት»። ቃሉ አክብሮት ነው፤ ከኋላው የሚመጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ ኃይለኛ ተቃውሞ ስለሆነ ሰሚው ከወዲሁ ይታጠቃል። ለግማሽ ስምምነት አይሆንም።

ሁሉም ደረጃ በአንድ ላይ

የውጭ ባልደረባ ድሬዳዋ ላለ የዕቃ አስተላላፊ ሠራተኛ እንዲህ አለ፦ «ሌትስ ሴንድ ኦል ዘ ቦክስስ ኦን ተርስዴይ። ኢት ኢዝ ቺፐር ኢን ዋን ትራክ።» ሁሉንም ካርቶን ሐሙስ በአንድ መኪና እንላክ፣ ይረክሳል ነው። ሠራተኛዋ ያወቀችው፦ መርከሱ እውነት ነው፤ የግማሹ ወረቀት ግን ሐሙስ አያልቅም። መልሷ፦

«ዩ አር ራይት አባውት ዘ ኮስት። ዋን ትራክ ኢዝ ቺፐር። አይ ዶንት ቲንክ ኦል ዘ ፔፐርስ ዊል ቢ ሬዲ ባይ ተርስዴይ፣ ዞው። ኩድ ዊ ሴንድ ሃፍ ኦን ተርስዴይ፣ ኦር ዌይት ፎር ሰተርዴይ?»

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች የተስማማችበትን ቁራጭ በስሙ ጠሩ። ሦስተኛው «አይ ዶንት ቲንክ» ብሎ ጀመረ፣ «ዞው» ላይ ዐረፈ። አራተኛው ጥያቄ ነው፤ ተቃውሞ ብቻውን ሜዳ ላይ እንዳይቀር ሁለት መንገድ ይዞ መጣ። «ሶሪ» የለበትም፤ ያጠፋችው ነገር የለምና። በስልክ መልእክት ብትጽፈው ያጥራል፦ «አግሪ ኦን ዘ ኮስት። ፔፐርስ ሜይ ኖት ቢ ሬዲ ባይ ተርስዴይ ዞው። ሃፍ ናው፣ ኦር ኦል ኦን ሰተርዴይ?» በመልእክት ባዶ «ፋይን» ከነነጥቡ መጻፍ ግን የተቆጣ ሰው መልስ ስለሚመስል ተዉት።

የልምምድ አካሄድ

በቀን 10 ደቂቃ፣ ለሁለት ሳምንት ይበቃል። በመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ አምስት የታወቁ የከተማ ወሬዎችን በአማርኛ ጻፉ፤ «ድሬ ሁልጊዜ ትሞቃለች»፣ «ከፊራ ገበያ ሁሉም ነገር ርካሽ ነው»፣ «የሐረር ቡና ከሁሉ ይበልጣል» የመሳሰሉትን። ለእያንዳንዱ ስንት እጁን እንደምትስማሙ አጠገቡ ምልክት አድርጉ፤ ከዚያ መክፈቻ፣ የተስማማችሁበት ቁራጭ፣ ማጠፊያ እያላችሁ መልሱን በቃል ሥሩ። «ኢት ኢዝ ሆት ኢን ዘ ዴይ፣ የስ። ዘ ኢቭኒንግስ ኢን ዲሴምበር አር ናይስ፣ ዞው።» እያነበባችሁ አትመልሱ፤ ወረቀቱን ገልብጡት።

በሁለተኛው ሳምንት በስልክ ቅዱትና አንድ ነገር ብቻ ስሙ፦ ከ«በት» ወይም ከ«ዞው» በፊት ያለው ክፍል ለብቻው ቢቆረጥ ትርጉም ይሰጣል ወይ? ካልሰጠ ደረጃ 3ን ዘላችኋል። ከዚያ ድምፁን ስሙ፤ ዋናው ቃል ላይ ወርዶ ቀርቷል ወይስ ተመልሷል? ጓደኛ ካላችሁ ሐሳብ የሚያመጣው እሱ ይሁን፤ እናንተ በሦስት ሰከንድ ውስጥ መክፈቻውን ብቻ አውጡ። ቀሪውን ለማሰብ ጊዜ የሚሰጣችሁ «ዌል…» ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪው «ዌል…» ሲሰማ ሙሉ «የስ» እንደማይመጣ ከወዲሁ ያውቃል፤ ስለዚህ ጎተት አድርጓት።